ማን ሸለማት?

የሠርግ ወራት ሲገባ ከሆሳዕና ተነሥቶ በዶዮገና በኩል ወደ አረካ የሚወስደው መንገድ በመኪና ጡሩምባና በእልልታ ይሞላል። ከእንሰቱ መሃል ከሚገኙት ቤቶች ነጭ ቬሎ የለበሱ ሙሽሮች ይወጣሉ፤ አንገታቸው፣ ጆሯቸውና ግንባራቸው ያብለጨልጫል። ይህን ያየ ሰው በአማርኛ የሚናገርበት ግሥ አያጣም። አጌጠች፣ ተዋበች፣ ተኳኳለች፣ ተሽሞነሞነች፣ አሸበረቀች፣ ተንቆጠቆጠች ይላል። ከእነዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ግሥ ግን አለ፤ እሱም «ሸለመ» ነው። ዛሬ ሽልማት ሲባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ዋንጫ፣ የምስክር ወረቀት ወይም በፖስታ የታሸገ ገንዘብ ነው። ቃሉ ግን ወርቅና ዕንቁ አድርጎ ማስጌጥም ማለት ነው፤ ሙሽራ ትሸለማለች፣ በቅሎ ትሸለማለች፣ ቤተ መቅደስ ይሸለማል። ሁለቱ ትርጉሞች በአጋጣሚ አንድ ቤት የገቡ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። እኔ ግን አንድ ናቸው እላለሁ። ሽልማት ሌላ ሰው፣ በሰው ፊት፣ ለምስክርነት በሰው ላይ የሚያኖረው ጌጥ ነው። ይህን ስንረሳ ሁለት ነገር ይጎድልብናል፤ ጌጣችን ምስክር ያጣል፣ ሽልማታችንም ገላ ላይ መታየቱን ያጣል።

የመጀመሪያው ማስረጃ ከግሡ ጠባይ ይገኛል። «አጌጠች» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን መዝጋት ይቻላል፤ ሴትየዋ ብቻዋን መስተዋት ፊት ቆማ ልታጌጥ ትችላለች። «ተኳኳለች» ከኩል የመጣ ነው፤ ኩሉንም ብልቃጡንም የያዘችው እሷ ናት። «ሸለመ» ግን ሁልጊዜ ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ አንድ የሚሸልም፣ አንድ የሚሸለም። «ተሸለመች» ያለ ሰው ወዲያው «በማን?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። የሰዋስው ሰው እዚህ ላይ ይቃወመኝ ይሆናል፤ «ተ» የሚለው መነሻ ተደራጊን ብቻ ሳይሆን በራስ ላይ ማድረግንም ያሳያል፣ «ታጠበች» ስንል ማን አጠባት ብለን አንጠይቅም ይለኛል። እውነት ነው። ነገር ግን የሙሽራን ነገር በቅርብ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። በሠርጓ ዕለት ብቻዋን ተነሥታ ብቻዋን የምትለብስ ሙሽራ በአገራችን የለችም። ጸጉሯን አንዷ ትሠራለች፣ የአንገቷን ሐብል አክስቷ ከኋላ ትቆልፍላታለች፣ ቀለበቱን ሙሽራው በእማኞች ፊት ያጠልቅላታል። በዚያ ቀን በገላዋ ላይ ያለው ጌጥ ሁሉ የሌላ ሰው እጅ ያለፈበት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ በየቤቱ አለ። ዶዮገናን ጨምሮ በከምባታና በሐድያ ምድር ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ምእመን አላቸው፤ አማርኛም ለብዙ ቤተሰብ የተለመደው በመጽሐፍ ቅዱስና በትምህርት ቤት በኩል ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ ራእይ 21 ላይ ከሰማይ የምትወርደው ከተማ ለባልዋ ከተሸለመች ሙሽራ ጋር ትመሳሰላለች። በጴጥሮስ የመጀመሪያ መልእክት 3 ላይም ጸጉር መሸረብንና ወርቅ ማንጠልጠልን ሐዋርያው ሲያነሣ ተርጓሚዎቹ የተጠቀሙበት ቃል ሽልማት ነው። የዛሬ ወጣት ያንን ክፍል ሲያነብ ለቅጽበት ግር ይለዋል፤ ዋንጫና የምስክር ወረቀት የሚያስታውሰው ቃል ከሹሩባና ከወርቅ ጋር ምን አገናኘው ይላል። ያው ወጣት ግን በሰኔ መጨረሻ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን አንደኛ ለወጣ ተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ሲሰጥ፣ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ደግሞ ቤተሰብ በተመራቂው አንገት ላይ የአበባ ጉንጉን ሲያጠልቅ አይቷል። ጉንጉኑ ጌጥ ነው ወይስ ሽልማት? መለየት አይቻልም፤ መለየትም አያስፈልግም። በበዓል መድረክ ላይ ለተከበረ እንግዳ ካባ የሚደረብለትም በዚሁ ልማድ ነው። ሕዝቡ በእጁ የሚያደርገውን ነገር ቃሉ ከነሁለቱ ትርጉሙ ይዞታል።

ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው፦ ሁለቱ «ሸለመ»ዎች ድምፃቸው ብቻ የተገጣጠመ የተለያዩ ቃላት ቢሆኑስ? አማርኛ እንዲህ ያሉ ቃላት ሞልተውታል፤ ገና ማለት በዓልም ነው፣ «እስካሁን» ለማለትም ያገለግላል። ስለዚህ የድምፅ መመሳሰልን አልደገፍም። በዕብራይስጥ ተቀራራቢ ድምፅ ያለው፣ መክፈልና መመለስ የሚል ቃል ስላለም ብቻ የቃሉን ሥር እዚያ አልተክልም። የምደገፈው በታሪኩ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ጀግና ከዘመቻ ሲመለስ የሚሸለመው ምን ነበር? ለክንዱ ቢተዋ፣ ለትከሻው ለምድ፣ ለወገቡ በብር ወይም በወርቅ የተለበጠ ጎራዴ፣ ለመቀመጫው ደግሞ ከነሙሉ ሽልማቷ የመጣች በቅሎ ነበር። «ከነሙሉ ሽልማቷ» ሲባል ኮርቻዋ፣ ልጓሟና የአንገት ጌጧ ማለት ነው። እዚህ ላይ ማስጌጥና ክብር መስጠት የሚሉትን ሁለት ሐሳቦች በቢላ ለመለየት የሚሞክር ሰው መቁረጫ ቦታ አያገኝም። የሚሰጠው ክብር ጌጥ ነው፤ ጌጡም የሚታየው ተሸላሚው ሲለብሰው ነው። ዘፍጥረት 41 ላይ ፈርዖን ዮሴፍን ሲሾመው የራሱን ቀለበት ከጣቱ አውልቆ አድርጎለት በአንገቱም የወርቅ ዝርግፍ አደረገለት። ሹመቱን ሕዝቡ ያወቀው በጽሑፍ ደብዳቤ አይደለም፤ በአንገቱ ላይ ባየው ወርቅ ነው።

ሌሎች ቋንቋዎችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በላቲን ኦርናሬ የሚለው ግሥ ማስጌጥም ማክበርም ነው። ፈረንሳዮች ክፍልን በአበባ ማስጌጥንና ወታደርን ኒሻን ማልበስን በአንድ ደኮሬ ይሉታል። «እንግዲያውስ አማርኛው ይህን ድርብ ትርጉም ከፈረንሳይኛ የተዋሰው ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል፤ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የተማረው ሰው የውጭ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበርና። ግን ፈረንሳይኛ ይሰጥበት የነበረው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ቢተዋና ለምድ መሸለም ከዚያ በብዙ ትውልድ ይቀድማል። ኒሻን የሚለው ቃል ራሱ ከፋርስ የመጣ ሆኖ ትርጉሙ ምልክት ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የግሪኩ ነው። በጴጥሮስ መልእክት ላይ ሽልማት ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል ኮስሞስ ነው፤ ያው ቃል ዓለም ማለትም ነው። ለግሪኮች የተሰደረና የተዋበ ነገር ሁሉ ኮስሞስ ነበር። በዚያ አስተሳሰብ ጌጥ ትርፍ ነገር ሊሆን አይችልም፤ ዓለም ራሱ በጌጥ ስም ተጠርቷልና።

የአበበ ቢቂላን ድል ከዚህ ቃል አንጻር ያየው ሰው ጥቂት ይመስለኛል። አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአገሩ ዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። እስከዚያ ድረስ በበጋው ኦሊምፒክ ሜዳሊያ በእጅ ነበር የሚሰጠው። ሜዳሊያ በአንገት ላይ መጥለቅ የጀመረው በዚያ በሮሙ ውድድር ነው፤ ለዚያም ሲባል በነሐስ ቅጠሎች የተያያዘ ሰንሰለት ተሠርቶለት ነበር። ስለዚህ አበበ የኦሊምፒክ ሽልማት እንደ ድሪ በአንገት ላይ ከጠለቀላቸው የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች አንዱ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ «አበበ ተሸለመ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በዚያ ምሽት ሁለቱንም ትርጉሙን ይዞ ነበር። የወርቅ ሜዳሊያ የሚባለውም እ.ኤ.አ. ከ1912ቱ የስቶክሆልም ውድድር ወዲህ ሙሉ ወርቅ አይደለም፤ በወርቅ የተለበጠ ብር ነው። ዋጋውን በሚዛን የሚለካው የለም። ዋጋው ያለው ዓለም እያየ አንገት ላይ በመጥለቁ ነው።

ብር ከተነሣ አንድ ጌጥ ቀረብ ብለን እንይ። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢ፣ በደቡቡም ጭምር፣ ሴቶች ከጨሌና ከዶቃ መካከል ያንጠለጥሉት የነበረው የኦስትሪያዋን ንግሥት መልክ የያዘው የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። መዳፍ መካከል የሚያርፍ ክብ ሳንቲም ነው፤ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከመቶ 83 እጅ ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። በአብዛኛው ላይ የተቀረጸው ዓመት 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ካረፈች በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። አንጥረኛው ከጫፉ ላይ ትንሽ የብር ቀለበት በቦረክስ አጋግሎ ይበይድበትና ክር ማሳለፊያ ያበጅለታል፤ ወይም ጨርሶ አቅልጦት፣ እንደ ክር ስቦና ጠምዝዞ አልቦ፣ ጉትቻ፣ መስቀል ያደርገዋል። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሚመጣው ንግድ ውስጥ ሰዎች የብሩን እውነተኛነት የሚለዩት በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎችና በትከሻዋ ላይ ያለውን ፈርጥ በማየት ነበር፤ ዕንቁዎቹ ተፍቀው ከጠፉ ብሩን የማይቀበሉ ነበሩ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ቆም ያደርገኛል። አንዲት የገጠር ሴት አንገቷ ላይ ያደረገችው ጌጥ የታመነው በሌላ ሴት ራስ ላይ ያለው ጌጥ ተቆጥሮ ነው። ጌጥ ምስክር ነው የምለው እንዲህ ያለውን ነገር ይዤ ነው።

ስለ ምስክርነት ከተነጋገርን ግን ያላግባብ የተነፈገም ምስክርነት አለ። ብሩን ያቀለጠው፣ ቢተዋውን የቀጠቀጠው፣ ኮርቻውን የሰፋው ሰው ራሱ ሳይሸለም ኖሯል። በሰሜኑ አንጥረኛና ቀጥቃጭ ቡዳ ተብሎ ተፈርቷል፤ በከምባታና በሐድያ ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ የእጅ ባለሙያዎች በስድብ ስም እየተጠሩ በማዕድና በጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዘው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ መገለሉ ግን ከሁሉም ቤት አልወጣም። ሙሽራዋን የሸለመ እጅ በሠርጉ ማዕድ ላይ ከሌሎች እኩል ካልቀረበ ሽልማቱ ግማሽ ነው። ቃሉ ሰጪና ተቀባይ እንደሚፈልግ ተናግሬያለሁ፤ ሦስተኛ ሰውም አለ፣ የሠራው።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ ተቃውሞ ልምጣ። በዚህ አካባቢ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ወርቅ ማንጠልጠልን ሐዋርያት ነቅፈዋል፤ ታዲያ የጌጥን ቃል ማንሣት ለከንቱ ነገር መሟገት አይደለምን? ክፍሉን ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው ግን ጴጥሮስ ሽልማትን እንዳልሻረ ያያል፤ ቦታውን ነው የለወጠው። በውጭ የሚታየውን ትቶ በልብ ውስጥ ያለውን፣ የዋህና ዝግተኛ የሆነውን መንፈስ በጌጡ ቦታ ያስቀምጣል፤ ያም በእግዚአብሔር ፊት ዋጋው እጅግ የከበረ ነው ይላል። «በእግዚአብሔር ፊት» በሚለው ውስጥ የሚያይ አለ፣ የሚመሰክርም አለ። የሽልማት ሥርዓቱ አልፈረሰም፤ ዳኛው ነው የተለወጠው። ቢያንስ የአማርኛው ተርጓሚ ጌጥ ሊል ሲችል ሽልማት ማለቱ እንዲህ እንዳነበው ያደርገኛል። በኪራይ ዕቃና በብድር ስለሚደምቀው ሠርግ የሚያዝኑ ሽማግሌዎችና መጋቢዎች ትክክል ናቸው፤ ግን የሚያዝኑበትን ነገር በስሙ መጥራት ይገባል። ለአንድ ቀን ተከራይቶ ማታ የሚመለስ ብልጭልጭ የሚያሳየው ማጌጥን ነው። ማንም አልሸለመውም፤ ስለ ማንም አይመሰክርም።

ሌላው ተቃውሞ ከሴቶች ወገን ይመጣል፤ ክብደቱም ይሰማኛል። ጌጥ ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚያኖረው ከሆነ ሴቷ ዕቃ ሆነች ማለት አይደለም ወይ? የሰጪውን ሀብት የሚያሳይ መስቀያ አላደረጋትም ወይ? በታሪክ እንዲህ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በገዛ ገንዘቧ 18 ወይም 21 ካራት ወርቅ ገዝታ ለክፉ ቀን የምታስቀምጥ ሴትም የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም፤ መልካም አድርጋለች። ሆኖም ከዚሁ ምድር የወጣችውን እሌኒን እናስብ። የሐድያው ገዥ፣ የገራዱ ልጅ ነበረች፤ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ለነገሡት ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተዳረች። ጋብቻው የሁለት መንግሥታት ውል ነበር፤ ተሸልማ የሄደችውም የውሉ ማኅተም ሆና ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለአሥርት ዓመታት በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ታላቅ ሰው ሆና ኖረች፤ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ አገሪቱን መራች፣ ማቴዎስን መልእክተኛ አድርጋ ወደ ፖርቱጋል ላከች። በጎጃም የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርታ አስጌጠች፤ ሕንፃው በግራኝ ጦርነት ቢፈርስም የተረፈው የተቀረጸ ድንጋይ ዛሬም አበባና ሐረግ ያሳያል። ተሸላሚዋ ሸላሚ ሆነች። ግሡ ሁለቱንም ወገን ለሴት ከፍቷል፤ የዘጋው ካለ ልማዱ ነው።

ልማድ ደግሞ እንደሚለወጥ በከምባታ ታይቷል። ሠርግ የሚለው የአማርኛ ቃላችን ሥሩ የግዕዙ ሠርገወ ነው፤ ሠርገወ ማለት አስጌጠ፣ ሸለመ ማለት ነው፣ ሥርጉት ማለትም የተሸለመች። በቃሉ ሥር ካየነው ሠርግ የመሸለም ቀን ነው። ለብዙ ዘመን ግን በዚህ አካባቢ አንዲት ልጅ ለሠርግ በቅታለች የሚባለው ከተገረዘች ነበር፤ ምስክርነቱ በገላዋ ላይ በምላጭ ይጻፍ ነበር። የዛቶዋ ተወላጅ ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለውን የሴቶች ድርጅት መሥርታ በዱራሜና በአካባቢው ሰውን ማወያየት ጀመረች፤ የስሙ ትርጉም የከምባታ ሴቶች በኅብረት መሥራት የሚል ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ያልተገረዘች ልጅና እሷን ያጨ ወጣት ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በይፋ ተጋቡ። ሙሽራዋ በነጭ ልብሷ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ሐብል በሚያርፍበት ቦታ፣ አለመገረዟን የሚናገርና ሌሎችም ከእሷ እንዲማሩ የሚጠራ ጽሑፍ በደረቷ አንጠለጠለች። ሙሽራውም በዚህች ልጅ ደስተኛ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ በደረቱ ያዘ።

ያ ጽሑፍ ያለበት ካርቶን የወርቅ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ የሚመዝነው ነገር የለውም። ግን ቢተዋው፣ የዮሴፍ ዝርግፍና የአበበ ሜዳሊያ ያደረጉትን ሁሉ አድርጓል፤ በሰው ፊት በደረት ላይ ሆኖ መስክሯል። ከእሷ በኋላ ሌሎችም እንዲሁ ተዳሩ። በ2005 ዓ.ም. ቦጋለች ብራስልስ ላይ የንጉሥ ቦዱዋንን ዓለም አቀፍ የልማት ሽልማት ተቀበለች፤ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያም አረፈች። ቤልጅየሞች ለከምባታዋ ሴት ያደረጉትን ለመናገር አማርኛ ያለው ቃል «ሸለሟት» ነው። ያችን ሙሽራ ግን ማን ሸለማት? ጽሑፏን አንብቦ፣ እልል ብሎ፣ ከኋላዋ ተከትሎ ወደ ቤቷ የሸኛት ሕዝብ ነው።